ሰኔና ሰኞ በመንግሥት ግምጃ ቤት

ለ፦ የወረዳና የከተማ አስተዳደር ምክር ቤቶች አባላት
ጉዳዩ፦ በየዓመቱ በሰኔ ወር ስለሚባክነው የግብር ከፋይ ገንዘብ

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

እኔ በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ዕድሜዬን ገፍቼ ጡረታ የወጣሁ ዜጋ ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ሌብነት አይደለም። ሌብነት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ የሚከታተለው ኮሚሽን፣ ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት አለው። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ደረሰኙ የተሟላ፣ ፊርማው ያልጎደለ፣ ማኅተሙ በቦታው ያረፈ፣ ኦዲተር መጥቶ ቢያገላብጠው ብዙም ነቀፌታ የማያገኝበት ወጪ ነው። በሕግ ወጥቶ በሕግ የሚወራረድ፣ ለሕዝቡ ግን አንዳች ሳያተርፍ የሚቀር ገንዘብ። እንዲህ ያለው ወጪ ወር አለው፤ ወሩም ሰኔ ነው።

ምክር ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚታየው ሪፖርቱ ስለሆነ ከሥሩ ልጀምር። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ለዓመቱ የተፈቀደ ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ ካልተሠራበት ፈቃዱ ያበቃል፤ የተረፈው ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ሕጉ የታሰበው ለመልካም ነው። የሕዝብ ገንዘብ በየመሥሪያ ቤቱ ተኝቶ እንዳይከርም፣ ምክር ቤት ሳያውቀው ካንዱ ዓመት ወደ ሌላው እንዳይንከባለል ተብሎ ነው። ክፋቱ ያለው በሕጉ ዙሪያ ባበቀልነው ልማድ ውስጥ ነው። በጀት የመለሰ ኃላፊ «ማስፈጸም ያቃተው» ተብሎ ይገመገማል። የሚቀጥለው ዓመት የበጀት ጣሪያ ሲወርድም «ባለፈውም አልተጠቀመበትም» ተብሎ ይቀነስበታል። ቆጥቦ የመለሰ ሁለት ጊዜ ይቀጣል፤ ያገኘውን ገዝቶ የጨረሰ ደግሞ በሪፖርት ይመሰገናል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ክፉ ተረት ስንኮንን ኖረናል። የሰኔ ነገር ግን ከዚያም የባሰ ነው፤ አንዲት ሳንቲም ወደ ኪሱ የማይከት ንጹሕ ሰው እንኳ ገንዘቡን እንዲበትን ያስገድደዋል። አብረውኝ ከሠሩት ኃላፊዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ንጹሐን ነበሩ። ስለ እነሱ ስል ነው ነገሩን ከሰው ጠባይ ለይቼ በአሠራር የማየው።

ዓመቱ እንዴት እንደሚያልቅ እናንተም ታውቁታላችሁ። በጀቱ በሐምሌ ይጸድቃል። ተደልድሎ በየጽሕፈት ቤቱ ሥራ ላይ እስኪውል መስከረም ያልፋል። የግዥ ዕቅድ ተዘጋጅቶ ፋይል ውስጥ አለ፤ ዕቃውን የሚፈልገው ክፍል ዝርዝሩን አዘጋጅቶ የሚያመጣው ግን ጥር ወይም የካቲት ላይ ነው። ጨረታ ወጥቶ፣ ተከፍቶ፣ ተገምግሞ፣ ቅሬታ ተሰምቶ ውል እስኪፈረም ሚያዝያ ይገባል። ግንባታ ከሆነ ዝናቡ ይቀድመዋል። ግንቦት ሊያልቅ ሲል የቀሪ በጀት ዝርዝር ይወጣና ሁሉም ይደነግጣል። «በጀቱ ሳይቃጠል» የሚለው ጥድፊያ የሚነሣው ያኔ ነው።

ያኔ ግልጽ ጨረታ ለማውጣት ቀን የለም። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። መጠኑ በፕሮፎርማ ከሚገዛበት ጣሪያ ካለፈ ግዥው ይሸነሸናል፤ ዛሬ ወንበር፣ በሳምንቱ ጠረጴዛ፣ በማግሥቱ መደርደሪያ። ግዥን እየከፋፈሉ መግዛት የተከለከለ መሆኑን ፈራሚው ሁሉ ያውቃል። ነጋዴውም መንግሥት በሰኔ በችኮላ እንደሚገዛ ስለሚያውቅ ዋጋውን እንደ ችኮላው ይቆርጣል። ዕቃው የሚመረጠው ስለሚያስፈልግ ሳይሆን ቶሎ ስለሚገኝ ነው፦ ወረቀት፣ ቶነር፣ የኃላፊ ወንበር፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ የመኪና ጎማ። የዕቃ ገቢ ደረሰኝ (ሞዴል 19) ተቆርጦ ንብረት ክፍል ይገባል። ዕቃው በወጪ ደረሰኝ (ሞዴል 22) ወጥቶ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ግን ይርቃል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይመጣም። ለመሥሪያ ቤቱ ማተሚያ የማይገጥም ቶነር ከነካርቶኑ ይደርቃል። የሚተክለው ሰው ያልተገኘለት ኮምፒውተር አቧራ ይጠጣል። የንብረት ክፍል ሠራተኞች የመንግሥትን ብክነት ከማንም በላይ ያውቁታል፤ እስካሁን ግን ወደ ምክር ቤት ተጠርተው ሲጠየቁ አላየሁም።

ዕቃውን በቀኑ ማስገባት የማይቻል ሲሆን ደግሞ ገንዘቡ ለሥራ ማስኬጃ ተብሎ በሠራተኛ ስም በቅድሚያ ይወጣል። ሰኔ 30 ከማለፉ በፊት ከባንክ ይውጣ እንጂ መቼ እንደሚወራረድ የሚጠይቅ የለም። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርበው ሪፖርት በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሒሳብ፣ የግዥ ሕግን ያልተከተለ ግዥና የተሟላ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ ከማይጠፉት ርዕሶች ውስጥ ናቸው። ያ የሚሰማው ስለ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ነው፤ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፣ ጋዜጣ ይጽፈዋል። የእኛ የወረዳዎቹ ሒሳብ ግን የክልል ኦዲተር ተራው ደርሶን ሲመጣ ካልሆነ ከንብረት ክፍሉ በር አያልፍም። የክልል ኦዲተር ደግሞ ባለው የሰው ኃይል በየዓመቱ ሁሉንም ወረዳ ሊደርስ አይችልም። የውስጥ ኦዲተር አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ጠረጴዛው፣ የትራንስፖርት ወጪውና የሥራ ምዘናው ግን በሚመረምረው አስተዳደር እጅ ናቸው።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የሰኔ ሥልጠና ነው። ዕቃ እንኳ መጋዘን ውስጥ ተገኝቶ ይቆጠራል። የሥልጠና ገንዘብ ለአዳራሽ ኪራይ፣ ለሻይ ቡና፣ ለባነር፣ ለትራንስፖርትና ለውሎ አበል ወጥቶ ሲያልቅ የሚቀረው የተሳታፊዎች ፊርማ ያረፈበት ወረቀት ብቻ ነው። በቅርብ መሰብሰብ ሲቻል የወረዳ ሠራተኛ አዳማ ወይም ሐዋሳ ድረስ ይሄዳል፤ ስሙ «ልምድ ልውውጥ» ነው። ይህ የሚሆንበትን ወቅት ልብ በሉልኝ። ሰኔ ለገበሬው የዘር ወር ነው። ማዳበሪያው የሚደርሰው፣ ዘሩ የሚመረጠው፣ ማሳው የሚለሰልሰው ያን ጊዜ ነው። ገበሬው የግብርና ባለሙያውን ምክር በዓመት ውስጥ ከየትኛውም ወር ይልቅ በዚህ ወር ይፈልገዋል። ባለሙያው ግን አዳራሽ ውስጥ ነው። ያባከንነው ውሎ አበሉን ብቻ ሳይሆን የገበሬውን ወቅት ጭምር ነው፤ ይህን ኪሳራ የሚመዘግብ የሒሳብ መደብ ደግሞ የለንም።

ሠራተኛው ሥልጠና አይሻም አላልኩም። የወረዳ ሠራተኛ ደመወዝ ኑሮን የማይገፋ መሆኑን፣ ውሎ አበል ለብዙዎች የቤት ኪራይ መሙያ መሆኑን ከማንም በላይ የማውቀው ነኝ። የደመወዝ ጉድለት ግን በደመወዝ ይስተካከላል። በበጀት መዝጊያ ሳምንት በሚዘጋጅ ሥልጠና ሲደጎም፣ የሚጠቀመው ለአዘጋጁ የቀረበው ነው፤ ሩቅ ቀበሌ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ድርሻዋ የዘመቻ ትእዛዝ ብቻ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ይህ ብክነት ከምን ላይ እንደሚነሣ እንይ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቅል በጀት ወደ ወረዳ ሲወርድ የነበረው ተስፋ ችግሩን በቅርብ የሚያየው አካል ገንዘቡን ይወስንበት የሚል ነበር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 50 ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዘዘው ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ነው። የወረዳን በጀት የከፈተ ሰው ግን አብዛኛው ለደመወዝ እንደሚሄድ ያያል። የቀረችው ሥራ ማስኬጃና ካፒታል ናት። ስለዚህ ሰኔ የሚበላት ጠባቧን ክፍል ነው፤ የትምህርት ቤት ጠመኔ፣ የጤና ጣቢያ ጓንት፣ የውኃ ጥገና የሚገኝባትን።

አንድ የእጅ ፓምፕ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በትልቅ ብልሽት አይደለም። ጎማው ሲያልቅ ወይም ዘንጉ ሲፈታ ነው። ዋጋው ከአንድ የኃላፊ ወንበር ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ነገር ግን የጥገና ገንዘብ በኅዳር ሲጠየቅ «በጀት አልተለቀቀም»፣ በመጋቢት ሲጠየቅ «ዕቅድ ውስጥ አልተያዘም» ይባላል፤ በሰኔ ገንዘቡ ሲትረፈረፍ ደግሞ ወደ ቀበሌው የሚወስደው መንገድ በጭቃ ተዘግቷል። ያ ፓምፕ እስኪጠገን ሴት ልጆች ጄሪካን ተሸክመው ወንዝ ይወርዳሉ፤ ከትምህርት ገበታቸው ይቀራሉ። በየዓመቱ ያየሁት ይህ ነው፤ ያውም ሁለቱም ወረቀቶች፣ የፓምፑ የጥገና ጥያቄና የወንበሩ ግዥ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አልፈው።

በ2016 ዓ.ም. በማዕከላዊ ኢትዮጵያና በደቡብ ኢትዮጵያ ክልሎች በሚገኙ ወረዳዎች መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ለወራት ሲዘገይባቸው አይተናል። ከምክንያቶቹ አንዱ የማዳበሪያ ዕዳ ከወረዳ በጀት መቆረጡ ነበር። ትምህርት ተስተጓጎለ፣ ሠራተኛው ከሱቅ በዱቤ ኖረ። ያ ጊዜ የወረዳ ገንዘብ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ለሁላችንም ሊያሳየን ይገባ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ የደመወዝ ችግር ሊገጥመው የሚችል መስተዳድር በሰኔ ለመጋረጃ የሚያወጣው ትርፍ ገንዘብ ሊኖረው አይገባም።

ይህ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ደግሞ እንነጋገር፤ እዚህ ላይ ቁጣዬን መደበቅ አልችልም። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ሳሙና የገዛች እናት ተጨማሪ እሴት ታክስ በ15 በመቶ ትከፍላለች። ደመወዟ ከ600 ብር ያለፈ የጽዳት ሠራተኛ የሥራ ግብር ስትከፍል ኖራ፣ ከግብር ነጻ የሚሆነው ገቢ ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ነው። ገበሬው የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ገቢ ግብሩን እህሉን ሸጦ ይከፍላል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በአነስተኛ ነጋዴዎች ላይ የቀን ገቢ ግምት ተጥሎ አምቦና ሌሎች ከተሞች ሱቅ ዘግተው የተቃወሙትን አንረሳውም። ያን ግምት ሲሠሩ የነበሩት ሰዎች ከእያንዳንዱ ኪዮስክ በር ቆመው ዕለታዊ ሽያጭ ይጠይቁ ነበር። የአንዲት ጀበና ቡና ነጋዴን ሲኒ የሚቆጥር መንግሥት ያንኑ ገንዘብ ካገኘ በኋላ የራሱን ወጪ በዚያው ትጋት መቁጠር አለበት። አለበዚያ የሰበሰብነው ግብር አይደለም፤ ሰው ላይ የጫንነው ሸክም ነው።

ሕዝባችን መክፈል አይጠላም። ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓባይ ግድብ ቦንድ የገዛው፣ የወር ደመወዙን የሰጠው፣ በጳጉሜን 2017 ምረቃውን በደስታ ያየው ሕዝብ ነው። የገንዘቡን መድረሻ በዓይኑ ስላየ ከፈለ። በየቀበሌውም ለትምህርት ቤት መማሪያ ክፍል፣ ለመንገድ፣ ለጥበቃ መዋጮ ያወጣል። ግብር ከፍሎ ደግሞ ለዚያው ነገር መዋጮ ሲጠየቅ ግን ጥያቄ ይነሣበታል፦ የፊተኛው የት ገባ? ይህን ጥያቄ የሚመልስ አካል የትም ቦታ ካለ እናንተ ናችሁ።

እናንተም እንዲህ ስታደርጉ አይቻለሁ። አስተዳዳሪው ወይም ከንቲባው የዓመቱን ሪፖርት ያቀርባል፤ «የበጀት አጠቃቀማችን 98 በመቶ ደርሷል» ይላል። ጭብጨባ ይሰማል። ጥቂት ጥያቄ ይነሣል፣ ሰዓት ይሄዳል፣ በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል። ከሩቅ ቀበሌ የመጣው ተወካይ መኪናው ሳያመልጠው ይወጣል። ያ ቁጥር ግን የሚነግራችሁ ገንዘቡ ማለቁን ብቻ ነው። ለምን እንደዋለ፣ በሰኔ ስንቱ እንደወጣ፣ ስንቱ ዕቃ መጋዘን እንደቀረ፣ ስንቱ በሠራተኛ ስም እንደተንጠለጠለ አይነግራችሁም። መውጣቱን እንደ ውጤት የሚቆጥር ሪፖርት እስከተቀበላችሁ ድረስ፣ የሚያወጣላችሁ ኃላፊ አታጡም።

ሌላም የምለው አለኝ፤ ቅር አይበላችሁ። የአካባቢ ምርጫ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 ዓ.ም. ይካሄዳል የተባለው ተራዝሞ እንደተራዘመ ነው። ያ ማለት የወረዳና የቀበሌ ነዋሪ «በእኔ ገንዘብ ምን ሠራችሁ» ብሎ በካርድ የጠየቀበት ዕድል ካለፈ ብዙ ዘመን ሆነ። መራዘሙ የእናንተ ውሳኔ አይደለም። ነገር ግን መራጭ በማይጠይቅበት ዘመን የተቀመጠ ምክር ቤት አስፈጻሚውን አብልጦ መጠየቅ ይገባዋል፤ በሕዝቡና በካዝናው መካከል ከእናንተ ሌላ የቆመ የለምና።

የምጠይቃችሁ ዛሬ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። አዲስ ሕግ አይሻም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። የበጀት ሪፖርት ሲቀርብላችሁ ወጪው በወር ተከፍሎ እንዲቀርብ አዙ። የመጨረሻው ወር ከሌሎቹ ወራት ተነጥሎ ከፍ ብሎ ከታየ፣ እያንዳንዱ ክፍያ ለምን በዚያ ወር እንደወጣ ኃላፊው ቆሞ ያስረዳ። የበጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴያችሁ በሐምሌ መጀመሪያ፣ ሪፖርቱ ከመጽደቁ በፊት፣ ንብረት ክፍል ገብቶ በሰኔ በሞዴል 19 የገባውን ዕቃ በዓይኑ ይይ። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ካርቶኑ ያልተከፈተውን ዝርዝር ወደ ምክር ቤቱ ይዞ ይምጣ።

የግዥ ዕቅዱን በመስከረም ጠይቁ። ከጥር በፊት ጨረታ ያልወጣለት ትልቅ ግዥ ካለ ገንዘቡ ያኔውኑ ወደሚያስፈልገው ሥራ ይዛወር። የዝውውር ሥልጣኑ በሕግ ተቀምጧል፤ ጊዜው ሳያልፍ የሚጠቀምበት ነው የጠፋው። የጥር ዝውውር የእጅ ፓምፕ ይጠግናል፤ የሰኔ ዝውውር መጋረጃ ይሰቅላል። መንገዱ ደረቅ፣ ባለሙያው ሥራ ላይ፣ ነጋዴውም ያልተቻኮለበት ወቅት ጥርና የካቲት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሚከተለው ነው። ቆጥቦ የመለሰን ጽሕፈት ቤት በስሙ ጠርታችሁ አመስግኑ፤ የሚቀጥለው ዓመት ጣሪያውም በመመለሱ ምክንያት እንዳይቀነስ በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። ይህን ያላደረገ ምክር ቤት ሌላውን ሁሉ ቢያደርግ ኃላፊዎቹ መደበቂያ ይፈልጋሉ እንጂ አይቆጥቡም። በክልል ደረጃ የበጀት ድልድል ቀመርን ጉዳይ የያዙት እንደሚቃወሙ አውቃለሁ፤ «የመለሰ አልቸገረውም» ይሏችኋል። እናንተም ሒሳቡን አቅርባችሁ ተከራከሩ። ሥራውን በአነስተኛ ዋጋ ሠርቶ የተረፈውን የመለሰና ሥራውን ሳይሠራ የመለሰ አንድ አይደሉም፤ ለይቶ ማየት የምክር ቤት ሥራ ነው።

በአንድ ወቅት በብዙ ወረዳዎች የዓመቱ በጀት በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ እንዲታይ የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት ሥራ ተጀምሮ ነበር። በጀቱ ስንት እንደሆነ በአንድ ገጽ፣ ማንበብ ለሚችል ሁሉ በሚገባ መንገድ። ደስ የሚል ጅምር ነበር፤ ሰው ቆሞ ሲያነብና በጣቱ ሲቆጥር አይቻለሁ። በአንዳንድ ቦታ ሰሌዳው ዛሬም አለ፤ ወረቀቱ ግን የቆየ ነው። አሁን ከተፈቀደው በጀት ጎን የወጣውም ይለጠፍ፤ የሰኔው ለብቻው። በጀታችሁን መለጠፍ የፈራችሁ ካላችሁ፣ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለማንኛውም ሰው መረጃ የመጠየቅ መብት መስጠቱን፣ ለጥያቄውም በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ማዘዙን አስታውሳችኋለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ ነዋሪዎችም ያስታውሱት። በሐምሌ ወር ወደ ወረዳችሁ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሂዱና በሰኔ ምን እንደተገዛ በጽሑፍ ጠይቁ። ምላሽ ከተነፈጋችሁ አቤቱታችሁን የሚቀበለው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው።

በየወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ያላችሁ የቀድሞ ባልደረቦቼም ይህን ብታነቡ፣ ከማን ጋር እንደቆምኩ እንዳይጠፋችሁ። በሰኔ ሌሊት መብራት አብርታችሁ የማታምኑበትን ክፍያ ስትሠሩ የምታዝኑትን አውቃለሁ። «ይህ ግዥ ከዕቅድ ውጭ ነው» የምትለዋን ማስታወሻ ጽፋችሁ ከሰነዱ ጋር አያይዙ። ምክር ቤቱ ፋይሉን ቢከፍት መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ይሁን።

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ በመጀመሪያው መደበኛ ጉባኤያችሁ አጀንዳ ላይ «የሰኔ ወር ወጪ» የሚል አንድ መስመር እንድታስገቡ፣ ውይይቱም ለነዋሪው በግልጽ እንዲካሄድ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የወረዳ ሒሳብ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለክልል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤቶች
ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም
ለግብር ከፋዩ ሕዝብ